«የጦር ካሳ» ጥራዝ፦ በደሴ ኮፒ ቤቶች የሚሸጠው ሀንድአውት የቱ ገጹ ይታመናል፣ የቱ ይታረም?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከአንድ ኮፒ ቤት ወጥቶ በሌሎቹ እየተባዛ፣ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የደረሰ ባለ 86 ገጽ ጥራዝ አለ። ሽፋኑ ላይ «የጦር ካሳና በተሸናፊ አገር ላይ ያስከተለው ውጤት» ይላል። የአዘጋጁ ስም የለበትም። የሚገዙት በአብዛኛው የታሪክ ተማሪዎች፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህራንና ለፈተና የሚዘጋጁ ልጆች ናቸው። ስፓይራሉን ጨምሮ 180 ብር ነው።

ሐሳባችንን ከፊት እናስቀምጠው፦ ግዙት፤ ስታነቡት ግን እስክሪብቶ ያዙ። የጀርመኑ ክፍል፣ ከገጽ 14 እስከ 47 ያለው፣ ብዙ የተለፋበት ነው። የኢትዮጵያው ክፍል ግን ሁለት ገጽ ተኩል ብቻ ሲሆን እሱም ውስጥ ከባድ ስህተት አለ። ደሴ ላይ ተዘጋጅቶ ለደሴ ልጅ የሚሸጥ ጥራዝ በዚህ መድከሙ ያሳዝናል።

ከኅትመቱ እንጀምር፤ ምክንያቱም ግማሹ ስህተት የአዘጋጁ ሳይሆን የማሽኑ ነው። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ቅጂ አለ፤ አንዱ ከፋይሉ በቀጥታ የታተመ፣ ሌላው የኮፒ ኮፒ። ሁለተኛው ላይ ጀርባው እንዳይጠቁር ማሽኑ «ላይት» ላይ ተደርጎ ስለሚባዛ ቀጫጭን ምልክቶች ይጠፋሉ። ፊደሉ ይነበባል፤ ነጥብና ኮማ ግን የለም። ይህ ሌላ ጥራዝ ላይ ቢሆን ባላስቸገረ ነበር። ገጽ 23 ላይ ያለው የዶላርና የማርክ ሠንጠረዥ ላይ ግን ጉዳቱ ትልቅ ነው። አንድ ዶላር በጁላይ 1914 ስንት ማርክ ነበር በሚለው ረድፍ 4.2 መሆን የሚገባው 42 ሆኗል። በጃንዋሪ 1922 የነበረው 191.8 ደግሞ ነጥቡ ጠፍቶ 1918 ተብሎ ይነበባል፤ አንባቢው ዋጋ መሆኑን ትቶ ዓመት ይመስለዋል። ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ገጽ 23ን ግለጡና 191.8 የሚለው ላይ ነጥቧ መኖሯን አረጋግጡ። ካለች የቀረውም ይነበባል። ከሌለች «ከፋይሉ አትሙልኝ» በሉ፤ ዋጋው ያው ነው።

ሌላው የመጠረዣው ነገር ነው። ፋይሉ የተዘጋጀው ለአንድ ፊት ኅትመት ስለሆነ ሰፊ ኅዳግ ያለው በግራ በኩል ብቻ ነው። ወረቀት ለመቆጠብ ሁለት ፊት ሲታተም 43 ቅጠል ይሆናል፤ በጀርባው በኩል ግን የሚበሳው የቀኝ ጠርዝ ነው። በዚህ የተነሳ ተጋማሽ ቁጥር ባላቸው ገጾች (2፣ 4፣ 6...) ሁሉ የየመስመሩ መጨረሻ በቀዳዳ ይበላል። ገጽ 38 ላይ ያለው የክፍያ ሠንጠረዥ የመጨረሻ ዓምድ፣ ማለትም የገንዘቡ መጠን ራሱ፣ ግማሹ የለም። መፍትሔው አንድ ፊት ማሳተም ነው፤ ትንሽ ይወደዳል። ሁለት ፊት ካስፈለገ ስፓይራሉን ትታችሁ በስቴፕለር ተመትቶ ጀርባው በፕላስተር እንዲለጠፍ ጠይቁ።

አሁን ወደ ይዘቱ። በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካላልን በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ይህን አስቀድመን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጥራዙ ሁለቱን አቆጣጠር እየቀላቀለ አንባቢውን ክፉኛ ያደናግራል። ገጽ 26 ላይ የፈረንሳይና የቤልጅግ ጦር የጀርመንን የከሰልና የፋብሪካ አካባቢ ሩርን የያዘው «በጥር 1915 ዓ.ም.» ነው ይላል፤ ልክ ነው። እዚያው ገጽ ታችኛው አንቀጽ ላይ ማርክ የተንኮታኮተው «በኅዳር 1923 ዓ.ም.» ነው ይላል። ይህን ያነበበ ተማሪ በሁለቱ መካከል ስምንት ዓመት ያለፈ ይመስለዋል፤ ያለፈው አሥር ወር ነው። ሩር የተያዘው ጃንዋሪ 11 ቀን 1923፣ ማለትም ጥር 3 ቀን 1915 ዓ.ም. ነው። የወረቀት ማርክን የተካው አዲሱ ገንዘብ፣ ሬንተንማርክ፣ የወጣው ኖቬምበር 15 ቀን 1923፣ ማለትም ኅዳር 5 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። ከእንቁጣጣሽ እስከ አውሮፓ አዲስ ዓመት ድረስ ያለውን ቀን 7፣ ከዚያ በኋላ ያለውን 8 ቀንሱ። አንደኛውን የዓለም ጦርነት ከጀርመን ጋር የዘጋው የቬርሳይ ውል የተፈረመበት ጁን 28 ቀን 1919 ስለዚህ ሰኔ 21 ቀን 1911 ዓ.ም. ይሆናል፤ ጥራዙ ገጽ 14 ላይ 1912 ያለውን ሰርዙት።

የመግቢያው ምዕራፍ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ጨፍልቋል፤ ካሳን፣ ንብረት ማስመለስን፣ የጦር ዕዳን። ካሳ ለደረሰ ጥፋት የሚከፈል ነው። ማስመለስ የተዘረፈው ዕቃ ራሱ ሲመለስ ነው። የጦር ዕዳ ደግሞ አጋሮች እርስ በርስ የተበዳደሩት ነው፤ ፈረንሳይና እንግሊዝ ከአሜሪካ የወሰዱት ማለት ነው። እነዚህን ያልለየ ሰው ወደፊት የምናነሳው የዳውስ ዑደት (ብድር፣ ካሳና የጦር ዕዳ በአገሮች መካከል የዞሩበት ክብ) አይገባውም። ከገጽ 5 እስከ 9 ያለውን ዝለሉት ብንል ይሻላል።

የ1871ዱ የፈረንሳይ ታሪክ አጭር ቢሆንም በደንብ ተቀምጧል። ፕሩሲያ 5 ቢሊዮን ፍራንክ ጫነች፤ ተከፍሎ እስኪያልቅ ጦሯ የፈረንሳይን መሬት ይዞ ቆየ። ፈረንሳይ በ1871 የ2 ቢሊዮን፣ በ1872 የ3 ቢሊዮን ብድር ለሕዝብና ለውጭ ባለሀብት አቀረበች። ሁለተኛው ብድር ላይ ከተጠየቀው ከአሥር እጥፍ በላይ ሊያበድር የፈለገ መጣ። በሴፕቴምበር 1873 ሒሳቡ ተዘጋ። አዘጋጁ የተቀባዩንም ወገን ማሳየቱ ያስመሰግነዋል፤ ወርቁ የገባባት ጀርመን ውስጥ ኩባንያ እንደ እንጉዳይ ፈልቶ በዚያው በ1873 ገበያው ተንኮታኮተ። የካሳ ገንዘብ ተቀባዩንም እንደሚያናጋ እዚህ በግልጽ ይታያል።

ቀጥሎ ቬርሳይ። አንቀጽ 231ን አዘጋጁ «የጦርነት ወንጀለኝነት አንቀጽ» ብሎ ተርጉሞታል። የአንቀጹ ቃል ግን ኃላፊነት ነው የሚለው፤ የሚናገረውም ጀርመንና አጋሮቿ ላደረሱት ጥፋት ስላለባቸው ኃላፊነት ነው። ተመሳሳይ አንቀጽ የኦስትሪያና የሀንጋሪ ውሎች ላይም ገብቷል። ከዚህ የሚብሰው አንቀጽ 232 ጭራሽ አለመጠቀሱ ነው። 232 የጀርመን ሀብት ሁሉንም ጥፋት ለመካስ እንደማይበቃ አሸናፊዎቹ ራሳቸው ያመኑበት፣ ካሳውንም በሲቪሉ ሕዝብ ላይ በደረሰው ጉዳት የወሰኑበት አንቀጽ ነው። 231 በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል፣ 232 መልሶ ገርበብ ያደርገዋል። ሁለቱ የሚነበቡት አንድ ላይ ነው። ከደሴ ሰሜን፣ አምባሰል ውስጥ ባለችው ውጫሌ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛና በጣሊያንኛ ሁለት ነገር በማለቱ ምን እንደመጣ ለወሎ ልጅ አይነገረውም። የውል አንቀጽ ሲተረጎም ቃል በቃል መጠንቀቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

ገጽ 17 የጥራዙ ምርጥ ገጽ ነው። በሜይ 1921 የተቆረጠው 132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ (ዋጋው በወርቅ የተተመነ ማርክ) በየትም መጽሐፍ ይገኛል፤ እዚህ ግን ቁጥሩ በሦስት ቦንድ (የዕዳ ሰነድ) ተከፍሎ ተተንትኗል። ሀ ቦንድ 12 ቢሊዮን፣ ለ ቦንድ 38 ቢሊዮን፣ ሐ ቦንድ 82 ቢሊዮን። ሐ የሚወጣው የጀርመን አቅም ሲፈቅድ ነው ተብሎ ተቀመጠ፤ ያ ቀን አልመጣም፣ ይመጣል ብሎ ያሰበም ጥቂት ነበር። 82ቱ የተጻፈው በአብዛኛው ለፈረንሳይና ለእንግሊዝ መራጭ እንዲታይ ነው። ትክክለኛው ሸክም 50 ቢሊዮን ነበር። አዘጋጁ እዚህ ባይቆም ጥሩ ነበር፤ ሒሳቡን እኛ እንጨርስለት። በ50 ቢሊዮኑ ላይ 5 ከመቶ ወለድና 1 ከመቶ የዋናው ክፍያ ሲታሰብ በዓመት 3 ቢሊዮን ይሆናል። የክፍያው ደንብ ደግሞ በዓመት 2 ቢሊዮንና ከወጪ ንግድ 26 ከመቶ ነው። ወጪ ንግዱ 4 ቢሊዮን ቢሆን 26 ከመቶው 1.04 ቢሊዮን ነው፤ ከ2 ቢሊዮኑ ጋር 3.04። ሁለቱ ስሌት ገጠመ። ይህን በእርሳስ ገጹ ጥግ ላይ ጻፉት፤ ፈተና ላይ «132 ቢሊዮን ከፈለች» ብሎ ከመሳሳት ያድናል።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት። ገጽ 24 «አንድ ዶላር 4.2 ቢሊዮን ማርክ ደረሰ» ይላል። ይህ የማሽን ስህተት አይደለም፤ የትርጉም ነው። ጀርመኖች እኛ ቢሊዮን የምንለውን «ሚሊያርደ» ይሉታል፤ እነሱ «ቢሊዮን» የሚሉት የእኛን ትሪሊዮን ነው። አዘጋጁ የጀርመንኛውን ቃል እንዳለ ወስዶታል። ትክክሉ 4.2 ትሪሊዮን ነው፤ 42 ጽፋችሁ 11 ዜሮ ትከትሉበታላችሁ። ማረጋገጫው እዚያው ጥራዙ ውስጥ አለ። ገጽ 28 ላይ አንድ ሬንተንማርክ በአንድ ትሪሊዮን የወረቀት ማርክ ተለወጠ ይላል። 4.2 ትሪሊዮንን በአንድ ትሪሊዮን ስታካፍሉት 4.2 ይመጣል፤ ይህ ከጦርነቱ በፊት የነበረው የዶላር ዋጋ ነው፣ አዲሱ ገንዘብ የተቀረጸውም እዚያ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ነው። በ4.2 ቢሊዮን ብታሰሉት ምንም አይገጥምም።

ገጽ 29 «ጀርመን ካሳውን ለመክፈል ገንዘብ አተመች፣ ስለዚህ ዋጋ ናረ» ብሎ በአንድ መስመር ይዘጋል። ይህ አባባል በሰፊው ስለሚነገር ረጋ ብለን እንየው። ካሳው የሚከፈለው በወርቅ፣ በውጭ ምንዛሪ ወይም በዓይነት ነበር፤ በከሰል፣ በእንጨት፣ በከብት። የወረቀት ማርክ አትሞ ለፓሪስ መላክ አይቻልም። የሆነው እንዲህ ነው። ጀርመን ጦርነቱን ያካሄደችው ከግብር ይልቅ በብድር ስለነበር ማርክ ገና ከካሳው በፊት ዋጋ ማጣት ጀምሮ ነበር፤ በጃንዋሪ 1919 ዶላር 8.9 ማርክ ደርሷል፣ የ1914 እጥፍ መሆኑ ነው። በ1921 የመጀመሪያው አንድ ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ሲጠየቅ መንግሥት የወረቀት ማርክ ይዞ ገበያ ወጣና የውጭ ምንዛሪ ገዛ። ገዢ በበዛ ቁጥር ማርክ ወረደ፣ ማርክ በወረደ ቁጥር ለቀጣዩ ክፍያ የሚያስፈልገው ወረቀት በዛ። ከዚያ ጀርመን ከሰልና እንጨት በወቅቱ ባለማድረሷ ሩር ተያዘ። የሩር ሠራተኛ ሥራ አቁሞ እንዲቃወም በርሊን አዘዘች፤ ሥራ ያቆመውን ሠራተኛ ደመወዝ የከፈለችውም እሷ ናት። ግብር የለ፣ የከሰል ገቢ የለ፣ ደመወዝ ግን አለ። ያኔ ነው ማተሚያ ቤቱ ሌት ተቀን የሠራው። ገጽ 23 ያለውን ሠንጠረዥ ከዚህ ጋር አያይዛችሁ እዩት፦ ጃንዋሪ 1923 ላይ 17,972፣ ጁላይ ላይ 353,412፣ ኦገስት ላይ ከ4 ሚሊዮን በላይ። መታጠፊያው ሩር ነው። ካሳው ምክንያት አልነበረም አንልም፤ ነበረ። ግን ከጦር ብድሩና ከሩሩ ውሳኔ ተነጥሎ ብቻውን አይቆምም።

በዚህ ርዕስ ላይ የሚጽፍ ሁሉ «ስንት ተጫነባት?» ይላል። ከዚያ የሚቀድመው «በምን ትከፍላለች?» የሚለው ነው፤ ጥራዙን ስንመዝነው የነበረው በዚህ ሚዛን ነው። አገር ውስጥ ግብር መሰብሰብ አንድ ነገር ነው፤ የተሰበሰበውን ድንበር ተሻግሮ ወደሚሠራ ገንዘብ መለወጥ ሌላ። ለዚያ ከምትገዛው በላይ መሸጥ አለብህ፤ ካሳ ተቀባዩ ደግሞ ዕቃህን ለመግዛት ፈቃደኛ መሆን አለበት። የኢኮኖሚ ምሁራኑ እንግሊዛዊው ኬይንስና ስዊድናዊው ኦሊን በ1929 የተከራከሩት በዚህ ላይ ነው። ጥራዙ ይህን ክርክር አንድም ቦታ አያነሳም።

ገጽ 33 ላይ የጀርመንን የካሳ አከፋፈል እንደገና ያደራጀው የዳውስ ዕቅድ በሥዕል ተቀምጧል። ሥዕሉ ንጹሕ ነው፤ አንድ ቀስት ግን ይጎድለዋል። ከአሜሪካ ወደ ጀርመን «ብድር» የሚል ቀስት አለ፣ ከጀርመን ወደ ፈረንሳይና እንግሊዝ «ካሳ» የሚል አለ፣ ሥዕሉ እዚያ ያልቃል። ከፈረንሳይና ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ «የጦር ዕዳ» የሚል ቀስት በእስክሪብቶ ሥሩበት፤ ክቡ ይዘጋል። በ1924 የተጀመረው በ800 ሚሊዮን የወርቅ ማርክ ብድር ነው፤ ዓመታዊው ክፍያ ከ1 ቢሊዮን ተነስቶ በአምስተኛው ዓመት 2.5 ቢሊዮን እንዲደርስ ታሰበ። ዑደቱ የሚሠራው አሜሪካ እስካበደረች ድረስ ብቻ ነው። በ1929 የያንግ ዕቅድ ክፍያውን በ59 ዓመት፣ እስከ 1988 ዘረጋው፤ በዚያው ዓመት የኒውዮርክ ገበያ ወደቀ። አጭር ጊዜ ብድር የሰጡት ገንዘባቸውን መልሱልን አሉ። በ1931 የቪየናው ባንክ ክሬዲታንሽታልት ከሰረ፣ ቀጥሎ በጁላይ የጀርመኑ ዳናት ባንክ ተዘጋ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሁቨር ለአንድ ዓመት ክፍያ አስቆመ፤ በጁላይ 1932 ስዊዘርላንድ ሎዛን ላይ በተደረገው ጉባኤ ካሳው በተግባር አበቃ። ሥራ አጡ በዚያን ጊዜ 6 ሚሊዮን ገደማ ነበር። እስከዚያ ጀርመን የከፈለችው በጠቅላላ ወደ 20 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ይገመታል።

ገጽ 45 «ጀርመን ካሳውን እስከ 2010 ከፍላለች» ይላል። አልከፈለችም። ኦክቶበር 3 ቀን 2010 የተዘጋው ለዳውስና ለያንግ ዕቅዶች የተሸጡ ቦንዶች ውዝፍ ወለድ ነው፤ በ1953 የለንደን የዕዳ ስምምነት ጀርመን እስክትዋሐድ እንዲቆይ የተደረገው። ተቀባዮቹም ቦንድ የያዙ ሰዎች ናቸው እንጂ መንግሥታት አይደሉም። ካሳና ብድር መለየት አለበት ያልነው እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያለውን ጥራዙ በሩጫ ያልፈዋል። ሶቪየቶች ከያዙት የጀርመን ክፍል ፋብሪካ እየነቀሉ፣ ሁለተኛውን የባቡር ሐዲድ ሳይቀር እያነሱ መውሰዳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተሰጥቶታል። የኮምቦልቻ አንባቢ ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽኖቹ ተነቅለው ቢወሰዱ የሚቀረው ቆርቆሮና ግድግዳ ነው፣ ለወሳጁም የሚደርሰው መሠረቱን ያጣ፣ ቴክኒሺያን የሌለው ብረት ነው። የዚህ ተቃራኒ ፊንላንድ ናት፤ አንድ ገጽ ብቻ ማግኘቷ አግባብ አይደለም። በ1944 300 ሚሊዮን ዶላር በ1938 ዋጋ ተጫነባት፤ በኋላ ወደ 226.5 ሚሊዮን ተቀነሰ። የምትከፍለው በዕቃ ነበር፤ በመርከብ፣ በማሽን፣ በኬብል፣ በእንጨትና በወረቀት ውጤት። ያዘገየችው ዕቃ በወር 5 ከመቶ ቅጣት ነበረበት። እንጨት ሻጭ የነበረች አገር መርከብና ማሽን ለመሥራት ፋብሪካ ማስፋት ግድ ሆነባት። በ1952 ከፍላ ጨረሰች፤ ፋብሪካው ቀረላት፣ ሶቪየትም ደንበኛ ሆና ቀጠለች። ድህነትና ልፋቱ ከባድ ነበር፤ ሕዝቡ ስንት ነገር ተነፍጎ እንደከፈለ መዘንጋት የለበትም። ግን «በምን ትከፍላለች?» ለሚለው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ሃይቲን «ተሸናፊ አገሮች» ከሚለው ምዕራፍ አውጧት። ሃይቲ አሸንፋ ነው ነፃ የወጣችው። በ1825 ፈረንሳይ የጦር መርከብ ልካ፣ ለቀድሞ ባሪያ ጌቶች ካሳ ብላ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ጠየቀቻት፤ በ1838 በጠቅላላው ወደ 90 ሚሊዮን ወረደ። ለመጀመሪያው ክፍያ 30 ሚሊዮን ፍራንክ ከፓሪስ ባንኮች ተበደረች፤ እጇ የገባው 24 ሚሊዮን ነው። ይህ የተሸናፊ ካሳ ሳይሆን ግፍ ነው፤ በዚያ ስም መጠራት አለበት። ኢራቅን በሚመለከት ገጽ 66 «እስካሁን እየከፈለች ነው» ያለው አርጅቷል፤ ኩዌትን በመውረሯ የተፈረደባት 52.4 ቢሊዮን ዶላር በ2022 መጀመሪያ ተጠናቋል፣ ከነዳጅ ገቢዋ በመቶኛ እየተቆረጠ።

ከገጽ 70 እስከ 72 የእኛ ነገር ነው። እዚህ ላይ ነው ጥራዙ ሊታረም ብቻ ሳይሆን ሊጨመርበት የሚገባው። «ጣሊያን 25 ሚሊዮን ዶላር ከፍላ ቆቃን ሠራች» ይላል። 25 ሚሊዮን በፓሪስ የሰላም ውል፣ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1947፣ የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም.፣ የተቆረጠው ነው። ከዚያው ውል ለዩጎዝላቪያ 125፣ ለግሪክ 105፣ ለሶቪየት ኅብረት 100፣ ለአልባኒያ 5 ሚሊዮን ተመድቧል፤ ድምሩ 360 ሚሊዮን፣ የክፍያ ጊዜው ሰባት ዓመት። ለኢትዮጵያ ስምምነቱ የተደረሰው ገና በ1956 ነው፤ መጠኑም 16.3 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። አዋሽ ላይ በ1960 ሥራ የጀመረውና 43.2 ሜጋዋት የሚያመነጨው የቆቃ ግድብ በዚያ ገንዘብ ነው የተሠራው።

የተጠየቀው ምን ያህል ነበር የሚለው ጥራዙ ውስጥ የለም። ኢትዮጵያ ያቀረበችው ከ184.7 ሚሊዮን ፓውንድ ስተርሊንግ በላይ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ፓውንድ 4.03 ዶላር ስለነበር ወደ 744 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። 25 ሚሊዮኑ ከዚህ 3.4 ከመቶ ገደማ ነው፤ 16.3 ሚሊዮኑ 2.2 ከመቶ። በጥያቄው ሰነድ ላይ የሞቱት 760,300፣ የፈረሱት ቤቶች 525,000፣ አብያተ ክርስቲያናት 2,000 ተብለው ተመዝግበዋል። የጥራዙ ርዕስ «በተሸናፊ አገር ላይ ያስከተለው ውጤት» ስለሆነ ይህ ክፍል መናገር የነበረበት አንድ ነገር አለ፦ ካሳው በጣሊያን ላይ ያስከተለው ጫና ቬርሳይ በጀርመን ላይ ካስከተለው ጋር አይወዳደርም። በእነዚያው ዓመታት ጣሊያን ከማርሻል ዕቅድ፣ አሜሪካ ለምዕራብ አውሮፓ ከሰጠችው እርዳታ፣ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። የቬርሳይን ቁስል ያዩ ሰዎች የጣሊያንን ሸክም ሲያቀሉ፣ ያቀለሉት ከተበዳዩ ድርሻ ላይ ነው።

ማስመለስን በሚመለከት የውሉ አንቀጽ 37 ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ወዲህ የተወሰዱ የሥነ ጥበብ፣ የሃይማኖትና የታሪክ ቅርሶች በ18 ወር ውስጥ ይመለሱ ይላል። ውሉ በሥራ ላይ የዋለው በሴፕቴምበር 1947 ነው፤ ቀነ ገደቡ ስለዚህ ማርች 1949 ነበር። የአክሱም ሐውልት የተመለሰው በኤፕሪል 2005 በሦስት ተቆርጦ፣ የቆመው በ2008 ነው። ጥራዙ ይህን «ካሳ» ብሎ ከቆቃ ጋር አንድ መስመር ላይ ጽፎታል፤ ለዩት።

የኢትዮጵያና የኤርትራ የይገባኛል ኮሚሽን በኦገስት 2009 የሰጠው ውሳኔም ሊገባ ይገባል። ለኢትዮጵያ ወደ 174 ሚሊዮን፣ ለኤርትራ ወደ 163.5 ሚሊዮን ዶላር ነው የተፈረደው። ሁለቱም ወገን ከፋይም ተቀባይም የሆነበት ፍርድ ለተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ተጠያቂነቱ የታየው በየድርጊቱ ነው እንጂ ማን አሸነፈ በሚል አይደለም።

የመጨረሻው እርማት ገጽ 71 ላይ ነው፤ ለደሴ አንባቢ ከሁሉም የሚበልጠው። አዘጋጁ የጣሊያን ተጠያቂነት የሚቆጠረው «ጣሊያን ጦርነቱን ከተቀላቀለችበት ከ1940 ጀምሮ» ነው ብሏል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ የማይጨው መርዝ ጋዝ፣ የየካቲት 12 ግድያ፣ የደሴ ድብደባ ሁሉ ከሒሳቡ ውጭ ይቀር ነበር። አንቀጽ 38 ግን ኢትዮጵያን በሚመለከት የመነሻው ቀን ኦክቶበር 3 ቀን 1935፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. እንደሆነ በግልጽ ደንግጓል። ደሴ በአውሮፕላን የተደበደበችው ዲሴምበር 6 ቀን 1935፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማው ውስጥ ነበሩ፣ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታሉና የቀይ መስቀል ድንኳኖች ተመትተዋል። «1940» የሚለውን ሰርዛችሁ ከላዩ «አንቀጽ 38፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.» ብላችሁ ጻፉ፤ ከጎኑም የኅዳር 26ቱን ቀን። ኮፒ ቤቱ ፋይሉን የሚያስተካክልላችሁ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት ያችን አንድ መስመር አስቀይሩ።